የተወረሱ ዕቃዎች ጠረጴዛ

አባቴ መምህር ነበር። የሚገርፍበት፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቀደደ፣ ክንድ የሚያህል አለንጋ ነበረው። ለልጁ ያደላል እንዳይባል እኔን እጥፍ ይገርፈኛል። ክፍል ውስጥ ይዘን የተገኘነውን ሁሉ ይወርስ ነበር፤ ብይ፣ ቆርኪ፣ ካርታ፣ ምላጭ፣ የላስቲክ ወንጭፍ፣ የሴቶቹን የፀጉር ማስያዣ ሳይቀር። የተወረሰው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ አይወጣም። መመለስ የሚባል ነገር አባቴ ዘንድ አልነበረም።

ጡረታ ሲወጣ ሦስት ቆርቆሮ ሙሉ ይዞ ቤት ገባ። እኔ ታይዋን የሚባለው የከተማችን ገበያ አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አሁን ሰው የሚያዘው የሬዚን ጠረጴዛ ነው። ዛጎል፣ ሳንቲም፣ የፈለጉትን እንጨቱ ላይ ይደረድሩና እንደ መስታወት የጠራ ፈሳሽ ያፈሱበታል፤ ሲደርቅ ዕቃው እዚያው ታስሮ ይቀራል። አባቴ ይህን አየና በቆርቆሮዎቹ ዕቃ አንድ እንድሠራለት አዘዘኝ። አዘዘኝ ነው የምለው፤ አርባ ዓመት አልፎኝም እሱ ለምኖኝ አያውቅም። የድሮ ተማሪዎቹ ሊጠይቁት ሲመጡ እዚያ ላይ ሻይ እየጠጡ እንዲስቁ አስቧል። ማን እንደሚስቅ አልጠየቅኩትም።

ዕቃዎቹን በንዴት ነበር የደረደርኳቸው። እያንዳንዱን ሳነሳ የማን እንደነበረና የት ቦታ እንደተመታ ትዝ ይለኛል። ተንሳፍፈው እንዳይወጡ በማጣበቂያ ያዝኳቸው። በዚህ መሐል ከመልካ ጀብዱ አሸዋ የሚያመላልስ የገልባጭ መኪና ሹፌር አልጋ እንድሠራለት ሊያዝ ገባ። አራተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። የግራ ጆሮው ስለማይሰማ ሲያወሩት በቀኙ ይዞራል።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት የነሐስ ፊሽካ አየና በጣቱ ነካት። የአባቱ ነበረች። አባቱ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፤ በሞተ በወሩ ልጁ ፊሽካዋን ትምህርት ቤት ይዟት መጣ። አባቴ አምጣ ሲለው አፉ ውስጥ ከትቶ ጥርሱን ነከሰባት። አባቴ በጥፊ መታው። ደገመው። አንገቱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያንኑ ጆሮ ደጋግሞ መታው፤ ፊሽካዋ ከደምና ከጥርስ ጋር ወለሉ ላይ እስክትወድቅ። ከጆሮውም ደም ወረደ። ሁላችንም አይተናል። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ስጠኝና ልሂድ አለኝ። አባቴን ልጠይቅና ነገ ና አልኩት።

"አቦ፣ ዛሬም ትፈራዋለህ?" አለኝ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አባቴ የምር ረስቶታል። ልጁንም፣ ጥፊውንም፣ ደሙንም። ለአንዱ ከመለስክ ነገ ሁሉም ይመጣል አለና በማለዳ ሬዚኑን እንዳፈስበት አዘዘኝ።

እዚህ ከተማ ሬዚን ከረፋዱ በኋላ አይነካም፤ በሙቀቱ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ በጠበጥኩና አፈሰስኩ። ፊሽካዋ ላይ ስደርስም እጄ አልቆመም። ፈሳሹ ሲውጣት ከውስጧ አረፋ ወጣ፣ ውኃ እንደሚበላው ሰው። በፍርሃት ያደረግኩት ነው፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሹፌሩ ጭነት ይዞት በሦስተኛው ቀን መጣ። አባቴ የተጠናቀቀውን ሊያይ መጥቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ሰላምታ አልሰጠም። ፊሽካዋን ከመስታወቱ ሥር አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከመሥሪያዬ ላይ መሮና መዶሻ አነሣ። የመጀመሪያው ምት ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። በሁለተኛው ስባሪው ተፈናጥሮ ጉንጬን ቀደደኝ። እሱ እያለቀሰ ይመታል፤ ብዮቹ እየተፈለጡ መሬት ላይ ይረግፋሉ።

አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን አነሣ።

ሰውየው መዶሻውን ጥሎ በሁለት እጁ ጆሮውን ሸፈነ። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ እኔም አጎንብሼ ጭንቅላቴን ይዤ ነበር። ሁለት ጎልማሶች፣ ሽበት የጀመረን፣ ዱላውን ጠበቅን። ምንም አልመጣም። ቀና ስል አባቴ እጁን እንዳነሣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

"ልመታችሁ አልነበረም" አለ። "ተው ልለው ነበር።"

"እኛ በምን እናውቃለን፣ ቲቸር?" አለው ሰውየው።

አባቴ ተቀመጠ። እኔ መዶሻውን ከመሬት አንሥቼ ለሰውየው ሰጠሁትና፣ እንዳይንቀሳቀስበት ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩለት።