ለልጄ የገጠምኩት ሳይክል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ልጄን ልገድላት ነበር።

ባሌ ጥሎን ሲሄድ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የሳይክል መጠገኛችን ያለ ሠሪ ቀረች። መፍቻዎቹ፣ ፓምፑና አንድ ያረጀ ሳይክል ብቻ ነበሩባት። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ሲፈታና ሲገጥም አጠገቡ ተቀምጬ ብዙ አይቻለሁ። ያንን ሳይክል ገጣጠምኩት። በእኛ አገር ዝናቡ አያባራም፤ ብረት የተባለ ሁሉ ይዝጋል። ማጭዱንም መጥረቢያውንም ዘይት ቀብተን ነው የምናስቀምጠው። እኔም ሳይክሉን ከመሪው እስከ ቸርኬው፣ ጎማው እስከሚገጠምበት ብረት ድረስ፣ በዘይት ወለወልኩት።

ለሊሴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በኦሮምኛ «ሀርሜ»፣ እናቴ፣ እያለች ነው የምትጠራኝ። «እኔ ልሞክረው» ብላ ወጣችበት። ከመጠገኛው በታች ካለው ቁልቁለት «ሀርሜ! አይዝም! አይዝም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የፍሬኑ ጎማ ዘይት የጠጣ ቸርኬ እንዴት ይያዝ? የቡና ገለባ ክምር ባይቀበላት አልቆላት ነበር። ክንዷ ተሰበረ።

መለዋወጫ የሚሸጡት ጋሼ ከማል መጥተው ቸርኬውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«አስካለ፣ ዘይት ቀባሽው? ድፎ ዳቦ መሰለሽ እንዴ? ዘይት የሚጠጣው ካቴናውና ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ነው። ይሄን በሳሙና እጠቢው።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የብቸኝነት ነበሩ። ወንዶቹ ሳይክላቸውን እየገፉ መጥተው «ባለቤትሽ የለም?» ይሉኛል።

«የለም።»

«ስንት ሰዓት ይመጣል?»

«የምሠራው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ነገ እመጣለሁ።» አይመጡም። ከሸራው ሥር ተቀምጬ ዝናቡን ስሰማ የምውልበት ቀን ብዙ ነው።

የመጡልኝ ሴቶች ናቸው፤ አስተማሪዎች፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ። የመጀመሪያዋ አንዲት ነርስ ናት። አዲስ ሳይክል ገዝታ «እትዬ አስካለ፣ ወገቤ ሞተ» አለችኝ። ወጥታ ስትቀመጥ አየሁ፤ መሪው ዝቅ ብሎ እሷ ጎብጣበታለች። መሪውን ከኮርቻው በላይ አነሳሁት። ተረከዟን ታች ባለው ፔዳል ላይ አስደግፌ እግሯ እስኪዘረጋ ኮርቻውን አስተካከልኩ። እንደዚያ ነው የሚለካው። በኋላ ለሚጠይቁኝ የምላቸውም ይኸው ነው፦ የማርሹ ብዛት አያታልላችሁ፤ ለኮረኮንች ወፍራም ጎማ፣ ለጭቃው ሰፊ ፓራፋንጎ፣ ለቀሚስ ደግሞ መሐሉ ዝቅ ያለ ያገለገለ የብረት ሳይክል ይበቃል።

ጠግኜ ስጨርስ ራሴ እየነዳሁ እፈትሻለሁ፤ ሜዳው ላይ ብቻ። ቁልቁለት ግን አልወርድም። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

ለሊሴ አስተማሪ ሆና ዳሪሙ ወረዳ ተመደበች። ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን ደወለች።

«ሀርሜ፣ ከተከራየሁበት ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ከሰዓት በላይ ነው። ሳይክል ሥሪልኝ።»

«አዲስ ግዢ።»

«ደመወዜን ታውቂው የለ!»

«ልጄ፣ እፈራለሁ።»

«የወደቅኩት እኔ፤ እስካሁን ያልተነሳሽው አንቺ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ያገለገለ ሳይክል ፈልጌ ገጠምኩት። ፈታሁት። እንደገና ገጠምኩት። የፍሬን ጎማ ልገዛ ስሄድ ጋሼ ከማል «ሦስተኛሽ ነው እኮ፤ ጎማው ምን በደለሽ?» አሉኝ። ሒሳቡን ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ ዳሪሙ ወሰድኩላት። ለሊሴ መንገዱን አሳየችኝ፤ ትምህርት ቤቱ ከታች ነው፣ መውረጃው ቀይ አፈር፣ ያውም ዝናብ እየወረደበት። መሪውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ እኔ።»

«ሀርሜ፣ አብደሻል?»

የመጽሐፍ ቦርሳዋን ከኋላ አሰርኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠበቅኩና ኮርቻው ላይ ወጥቼ ቁልቁል ለቀቅኩት። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያልኩ ጨበጥኩ፤ ያዘ። ለቀቅ አደረግኩ፤ ሄደ። ጨበጥኩ፤ ያዘ። ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው፣ ግን አልጨፈንኩም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አጥብቄ ስይዘው ቆመ። አንድ እግሬን መሬት አስረገጥኩ።

ወደ ላይ ዞሬ ጮህኩ፤ «ለሊሴ! ደርሻለሁ! ደህና ነኝ!»

ሳይክል የምትሠሩ ሁሉ፣ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየው በሚሄድበት መንገድ፣ በሚሸከመው ሸክም፣ ራሳችሁ ንዱት።