ብረት የተከለከለበት ጓሮ

በ2016 ዓ.ም. በበልግ፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ፣ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታስተምረው ልጄ ጎባ ያለው ቤቴ ጓሮ ውስጥ አንድ መሣሪያ ቀበረች። የምድርን መግነጢስ ይለካል አለችኝ። ከፀሐይ የሚነሳ ነፋስ ምድርን ሲመታት መግነጢሷ ይናወጣል፤ የምታጠናው ያንን ነው።

«ፀሐይም ነፋስ አላት?» አልኳት።

«አላት እማዬ። ግን ጎመንሽን አይጥልም።»

ጓሮዬን የመረጠችው ከመንገድና ከመብራት ሽቦ ስለሚርቅ ነው። አጠገቡ ብረት እንዳይደርስ አስጠንቅቃኝ፣ ዶማውንና አካፋውን ሰብስባ ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ወሰደች። መኝታ ቤቴ የቆመው ሳይክል ላይ ግን ዓይኗን ሳታሳርፍ፣ «ቤት ውስጥ እስካለ አይጎዳም» አለች።

ሳይክሉ የወንድሟ ነው። ከጎባ ሮቤ ለሥራ ይመላለስበት ነበር። ታሞ ካረፈ አራት ዓመቱ። ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስመለስ ጓሮ አውጥቼ እወለውለዋለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስገባዋለሁ። መሣሪያው ከተቀበረም በኋላ አልተውኩም። ለአፍታ ቢወጣ ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ልጄ መጥታ ላፕቶፗን ከፈተች። መሣሪያው የመዘገበው ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ነበር፤ በየጠዋቱ አንድ ጉብታ አለው። አሥራ ሁለት ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ጉብታ።

«በየጠዋቱ ብረት ይቀርበዋል። ጓሮሽ የሚገባው የጎባ ከርከሮ የብረት ጥርስ አስተከለ ልበል? እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ ማን ነው የሚመጣው?»

«ማንም» አልኩ። በጾም ዋሸሁ።

«እንዲህ ከሆነ መረጃው በሙሉ ይጣላል። ለፋሲካ ካላስረከብኩ ደግሞ ጥናቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ዓይኔ ከጉብታዎቹ አልነሳ አለ። አራት ዓመት ሙሉ የሳይክል ደወል የሰማሁ እየመሰለኝ ወደ በር ስወጣ ማንም አልነበረም። አሁን ምድር ራሷ በየጠዋቱ አንድ ሰው መጥቶ መሄዱን ጽፋለች። የራሴ እጅ የገፋው ብረት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የጻፈችው እንዲጠፋ አልፈለግሁም።

የቀዳሁላት ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ያኔ ነገርኳት።

«ወንድምሽን እያወጣሁት ነው» አልኩ። ሳይክሉን ማለቴ ነበር።

ላፕቶፗን ወደ ራሷ አዞረች። «ስንት ሰዓት ላይ እንደምታወጪው ንገሪኝ። እነዚያን ደቂቃዎች ለይቼ ካወጣሁ የቀረው ይተርፋል። ከእንግዲህ ግን አንድም ቀን እንዳይደገም።»

«ታጠፊያቸዋለሽ?»

«ከጥናቱ አወጣቸዋለሁ እንጂ አላጠፋቸውም። እኔ ጋ ይቀመጣሉ።»

ሳትቆጣኝ ቀረች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሳይክሉ ቤቴ ከቆየ ጠዋት ሲሆን እጄ እንደማያርፍ አውቃለሁ። በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ሳይክሉን በፊት ለፊቱ በር አውጥቼ እስከ አስፋልቱ ገፋሁት። ወደ ሮቤ የሚሄድ የፈረስ ጋሪ አስቁሜ ጫንኩት፤ ልጄ ተከራይታ በምትኖርበት ቤት ላስቀምጠው። እንዳይወድቅ መሪውን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።