ወላጅ «በፈቃዴ» ብሎ የፈረመበት ደብዳቤ

ታናሽ እህቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ማኅተም ክው ብላ ቀረች። «ለልጄ የሚስማማ ሌላ ትምህርት ቤት በመምረጤ በራሴ ፈቃድ ያስወጣኋት መሆኑን እገልጻለሁ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ከነነጠላ ሰረዙ ታውቀዋለች። የጻፈችው እሷ ናት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚለው? ልጄ ትምህርት ቤት መስኮት ስለሰበረች ነው ብለው ርዕሰ መምህሯ ጋ አስፈረሙኝ። ሥራ ረፍዶብኝ መነጽሬንም አልያዝኩም ነበር። ዛሬ ልጅቷን ከበር መለሷት» አለች እህቷ።

«ነገ ትምህርት ቢሮ አብረን እንሄዳለን» አለች ማኅተም፤ ወረቀቱንም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማኅተም እውነተኛ ስሟ አይደለም። በምትሠራበት ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ስትሆን፣ እሷ ያላየችው ወረቀት ከግቢው ስለማይወጣ መምህራኑ ያወጡላት ቅጽል ስም ነው። ከሰማይ ደብዳቤ ቢወርድ እንኳ ስህተቱን አርማ ትመልሰዋለች እያሉ ይስቁባታል። እሷም ደስ ይላታል፤ ምን ይደበቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት መመሪያ ወጣ፦ ተማሪን ከአምስት ቀን በላይ ማገድ ቀረ፤ ልጁና ወላጁ በኮሚቴ ሳይሰሙ ማባረርም ቀረ። መምህራኑ አጉረመረሙ፤ እውነትም ነበራቸው። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ በዳስተር ግንባሩን የተፈነከተ መምህር መመሪያ ቢያነቡለት ምን ይጠቅመዋል? አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባረርን ማለት አንችልም። ወላጁ ራሱ አስወጣ ብንል ግን ማን ይናገረናል? አንቺ ቃል አታጪም፤ እስቲ አሳምሪልኝ» አላት።

ምሳ ሳይደርስ አሳመረችለት። እሱም እጅግ ከመውደዱ የተነሳ በርዕሳነ መምህራን ስብሰባ ላይ ኮፒውን ለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አደለ። ይህን ሲነግራት ሳምንቱን ሙሉ ፈገግ ስትል ሰነበተች። ወላጆቹ የሚፈርሙት ከግድግዳው ወዲያ፣ እሱ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ የአንዳቸውንም ፊት አላየችም።

እህቷ ወረቀቱን ባሳየቻት ማግስት ማኅተም፣ እህቷና ልጅቷ ትምህርት ቢሮ ሄዱ። የአቤቱታ ክፍል ሠራተኛዋ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችና መለሰችው።

«ይሄ አይነካም። መመሪያው የሚደርሰው ለተባረረ ልጅ ነው። ይቺን ያስወጧት እናቷ ናቸው። የጻፈው ሰው ቀዳዳ አልተወም» አለች።

የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ያስወጣሽኝ?»

እህቷ ወረቀቱን አንስታ ፊርማዋን አየች። ማኅተም ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብዬ ላልፈው እችል ይሆን ስትል አድራለች፤ አሁን አልቻለችም።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሌላ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሲጻፍም ማባረሩ እንዳይታወቅ ተብሎ ነው። ጠይቆ ያስወጣ ወላጅ የለም» አለች።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ጽፈው ይፈርማሉ?»

«እፈርማለሁ።»

«እንግዲያስ ይሄ ደብዳቤ ይወድቃል፤ ልጅቷም ትመለሳለች። እርስዎ ከሚሠሩበት ትምህርት ቤትስ በዚህ ደብዳቤ የወጡ ስንት ናቸው?»

ማኅተም ደነገጠች። የመጣችው ለአንድ ልጅ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌሎቹ የት እንደደረሱ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስደነገጣት።

«ሠላሳ አራት» አለች።

«ስማቸውን ያስታውሳሉ?»

«ሁሉንም የተየብኩት እኔ ነኝ።»

ሠራተኛዋ ባዶ ወረቀት አቀረበችላት። እህቷ የልጇን እጅ ይዛ ወንበሯን ከማኅተም ትንሽ ራቅ አደረገች። ማኅተምም አንገቷን ደፍታ የመጀመሪያውን ስም ጻፈች።