ሽቦና የአክስቷ አውራ ጣት

በአንድ የማገገሚያ ክሊኒክ ጓሮ፣ ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ የምትሠራ መሐንዲስ ነበረች። ቀጭን ስለሆነችና ቀኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ ገመድ ስትፈታ ስትቋጥር ስለምትውል፣ ያሳደገቻት አክስቷ «ሽቦ» ትላታለች። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ ሐኪሞቹም በዚሁ ነው የሚጠሯት።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ጠዋት መቀሷን እንደያዘች ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ዝም አለ። ክንዷ ቀስ በቀስ ሲመለስ አውራ ጣቷ ግን እምቢ አለ። ሐኪሞቹ ጡንቻው ጨርሶ ሞቶ እንደሆነ ለማየት፣ ቀዝቃዛ ቅባት ያለባቸውን ክብ ፕላስተሮች እጇ ላይ ይለጥፋሉ። ጡንቻ ሲነቃ የሚያወጣው ረቂቅ የኤሌክትሪክ ምልክት በዚያ በኩል ወደ ስክሪን ይሄዳል። ፕላስተሮቹ አንዴ ከተለጠፉ ይጣላሉ። የአክስቷ ቆዳ ደግሞ ቅባቱን ጠላው፤ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቆሰለ።

«ጣቴ አልታዘዝም ማለቱ ሳያንስ ደግሞ ልትልጡኝ ነው?» አለች።

ሽቦ ቅባት የማይፈልግ፣ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ነገር ካልሠራሁ አለች። ለስላሳ ጎማ ከብር ብናኝ ጋር አቡክታ በሻጋታ አፈሰሰችው፤ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ቁራጭ ወጣላት። ጣት በሌለው ጓንት ውስጥ፣ ከአውራ ጣት ሥር፣ ሰፍታ በቀጭን ገመድ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው።

አልሠራም። ስክሪኑ በተዘበራረቁ መስመሮች ተሞልቶ ዝናብ የሚወርድበት መስኮት መሰለ። አውልቃ አስተካከለች፤ ያው ዝናብ ነው። ጎማውን ለወጠች፣ ጓንቱን አጠበቀች፣ ያው ነው። ተስፋ ልትቆርጥ ምንም አልቀራትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በአክስቷ ቤት ኮምፒውተሯን የስፌት ማሽኑ አጠገብ አስቀምጣ እንደገና ሞከረች። ልታወልቀው ስትል አክስቷ፣

«ተዪው እስቲ፣ እጄን ሞቆታል» አለቻት። ወዲያው ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

ሽቦ ልትቀሰቅሳት አልጨከነችም፤ አጠገቧ ተቀመጠች። ፀሐይዋ በመጋረጃው አልፋ ወለሉ ላይ ትዋኛለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ዝናብ ቀስ እያለ አባራ፤ መስመሩ ነፋስ እንደሌለበት ሐይቅ ተዘረጋ። ያኔ ገባት። ጎማው ሲፈልግ የኖረው የቆዳውን የራሱን ትንሽ ወዝ ነበር፤ እሷ ግን እየቸኮለች ስታወልቀው ጊዜ ነፍጋዋለች።

በተኛው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ሞገድ ብቅ አለች። ጣቱን አየችው፤ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሞገድ መጣ፣ ሌላም። የአክስቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

ስትነቃ ሽቦ በሹክሹክታ፣ «የት ሄደሽ ነበር?» አለቻት።

«ስሰፋ ነበር እኮ። ሰማያዊ ጨርቅ። ብሰፋው ብሰፋው አያልቅም፤ በበሩ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ሰዎች ጫማቸውን እያወለቁ ይራመዱበታል።»

ሽቦ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችው። «አሁንም ጨርቁን ያዢው፣ በሐሳብሽ።»

አክስቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሞገዷ ተነሣች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ፣ እታለም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ መሐል አክስቷ እንባዋን በግራ እጇ ጠረገች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጓንቷን አጥልቃ፣ እስኪሞቃት ጠብቃ፣ ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ትይዛለች። ሞገዷ እያደገች መጣች። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ጣቷ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ፈራ ተባ እያለ ተነቃነቀ። እንደ ድሮው ግን አልሆነም፤ መቀስ ዛሬም አይታዘዛትም።

ሽቦ ለሌሎች ታካሚዎች የሠራቻቸው ጓንቶችም ያለ ጣጣ አልቀሩም። የመጀመሪያዎቹ ሲታጠቡ ሲታጠቡ ብሩ ተሰነጣጥቆ ለጡንቻው ምልክት ደነቆሩ፤ ሽቦ ድብልቁን ደጋግማ ቀየረች። አሁን ክሊኒኩ በሳሙና እያጠበ ለብዙ ሰው ያዳርሳቸዋል።

አክስቷ በቅርቡ ጨርቅ በአውራ ጣቷ ተጭና በማሽን አንድ የትራስ ልብስ ጨረሰች። ስፌቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። «ለሰው እንዳታሳዪብኝ!» ብላ ለሽቦ ሰጠቻት። ሽቦ ግን በማግስቱ ክሊኒክ ይዛው ሄዳ፣ ላገኘችው ሁሉ አሳየች።