ሙቅ ውሃ ሊያመጣ የሄደው ኤልቢዮ

ኢርማ ቆጣቢ ናት ስል ስሟን ማጥፋቴ አይደለም፤ ራሷም በኩራት የምታወራው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለችው ከተማ ወደ ማር ዴል ፕላታ በወረድን ቁጥር ከሰፈራችን ከላኑስ የምንነሳው በርካሹ የቀን አውቶቡስ ነው። የምናርፈው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ መታጠቢያው ለፎቁ ሁሉ አንድ በሆነበት ሆቴል ነው። ምሳችንን ከቤት ይዛ ትመጣለች፤ በዳቦ ፍርፋሪ ለውሳ የጠበሰችውን ሥጋ በዳቦ መሐል ከትታ። በማግስቱ ዳቦው ይደርቃል።

«አሮጊቴ፣ ይሄን ለሆዴ ነው ወይስ ለጫማዬ ሶል ያመጣሽው?» ይላታል ባሏ ኤልቢዮ።

«ብላ አንተ ሽማግሌ! ባሕሩን በነጻ እያየህ ደግሞ ምን አማረህ?»

የመጨረሻው ቀን ግን ወደብ ሄደን በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ካላማሪ፣ ያንን ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ፣ እንበላለን። ለዚያ ካላማሪ ሲሉ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥቡት። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደ አንድ ሻንጣቸው ይዘውኝ ይሄዳሉ።

ባለፈው በጋ ግን ኢርማ ገና ከቤት ሳንወጣ ፈርታ ነበር። ኤልቢዮ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ የሰፈራችንን መንገድ ሁሉ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው ነው። አሁን ግን አእምሮው እየከዳው ነው። ልጃቸው ሚርታ «እማዬ፣ ዘንድሮ ይቅር» ብላ ለምናት ነበር። አሻፈረኝ ስትላት ተቆጣች።

«አንዴ ብቻ ይጥፋብሽና በማግስቱ ነው አረጋውያን ማቆያ የማስገባው። ከዚያ በኋላ አታልቅሺብኝ።»

ኢርማም ለሰከንድ ከዓይኔ አይርቅም ብላ ማለችላት።

መንገድ ላይ አውቶቡሱ ለእረፍት ሲቆም ኤልቢዮ ሽንት ቤት ሄደ፤ ስንፈልገው ሌላ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ የማያውቃት ሴትዮ ጎን ተቀምጦ አገኘነው። ኢርማ እየሳቀች አወረደችው፤ እስክንደርስ ድረስ ግን ክንዱን አለቀቀችም። ሆቴል ስንገባ አልጋውን ገፍታ ከበሩ ጋር አስጠጋችው። ልብስ ሰፊ ናትና የሆቴሉን ስምና የራሷን ስልክ ቁጥር በሸሚዙ አንገት ውስጥ በክር ጠልፋበት ነበር።

«ለሚርታ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ቴልማ» አለችኝ።

«እኔ ምን አየሁና?» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ብሪስቶል የሚባለው ባሕር ዳርቻ እግር መጣያ አልነበረውም። ጥላው ከጥላ ጋር ተነካክቷል። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር የዋና ጠባቂዎቹ ውሃ አትግቡ የሚለውን ቀይ ባንዲራ ሰቅለዋል። ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያችንን እየተቀባበልን ስንጠጣ ሙቁ ውሃ አለቀ፤ ኤልቢዮም ፔርሙሱን አንስቶ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ሙቅ ውሃ ላመጣ።»

«ቁጭ በል፣ ቴልማ ታመጣለች።»

«ቴልማ ሠራተኛዬ ናት እንዴ? ኪዮስኩ እኮ እዚያ ጋ ይታያል! ውሃ እንኳ እንዳላመጣ ልትከለክዪኝ ነው? ልጅ ነኝ እንዴ?»

ጮክ ብሎ ስለተናገረ በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ኢርማ በእሱ ሳይሆን ለእሱ አፈረችለት።

«በል ሂድ» አለችው።

በዓይኗ ተከተለችው። ኪዮስኩ ጋ ደርሶ ሰልፍ ሲይዝ ትንሽ ተነፈሰች። ቹሮ የሚባለውን ጣፋጭ የሊጥ ጥብስ የሚሸጠው ሰውዬ ትልቁን ቅርጫቱን ይዞ በፊታችን አለፈ። ካለፈ በኋላ ሰልፉ ላይ ኤልቢዮ አልነበረም።

«የታለ? ቴልማ፣ የታለ?»

ከዚያ ቀና ስትል ሸሚዙን አየችው። ስለሞቀው አውልቆ ጥላው ላይ ሰቅሎት ነበር። እንደዚያ ፊቷ ሲነጣ አይቼ አላውቅም።

እኔ ወደ ኪዮስኩ ሮጥኩ፣ እሷ ሸሚዙን ጨብጣ ወደ ባሕሩ። የኪዮስኩ ሰውዬ ፔርሙስ የያዘ ሽማግሌ አይተሃል ወይ ስለው ሳቀ።

«እማማ፣ እዚህ ፔርሙስ ያልያዘ ሽማግሌ ካለ እሱን ልፈልግልሽ።»

በጥፊ ባቀምሰው ደስ ባለኝ፤ ጊዜ አልነበረኝም እንጂ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ሁለት ጠባቂዎች እየሮጡ ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ስደርስ ኢርማ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማለች።  እየሰመጠ የነበረውን ሰው ጎትተው አወጡት። ቢራ ቢራ የሚሸት ጎረምሳ ነው፤ የጠጣውን ባሕር አስታወከውና አለቀሰ።

«ተመስገን፣ እሱ አይደለም!» አለች። ወዲያው ጎረምሳውም የሰው ልጅ መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች።

«ጠባቂዎቹን እንንገራቸው» አልኳት።

«ከተናገርን ሚርታ ጆሮ ይደርሳል። ትወስደዋለች፣ ቴልማ! ትወስድብኛለች!»

«ይድረስ! ሰውየው እኮ ጠፍቷል!»

እየተጨቃጨቅን ሳለን ከበስተ ግራ ጭብጨባ ተነሳ። እኛ አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ልጅ ሲጠፋ፣ ያገኘው ሰው ትከሻው ላይ ያወጣውና ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እናቱ ድምፁን ተከትላ መጥታ እስክትወስደው ድረስ አይቆምም። ኢርማ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆና እንኳ ሸሚዙን ብብቷ ውስጥ ወትፋ አጨበጨበች። የለመደ እጅ ነው።

«ምስኪን፣ የማን ልጅ ይሆን?» አለች።

ጭብጨባው እየቀረበን መጣ። ትከሻ ላይ የተቀመጠ ልጅ ብንፈልግ የለም። ሰዉ ገለል ገለል ሲል አንድ ወጣት ጠባቂ አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ በሌላው ደግሞ የኤልቢዮን ክንድ ይዞ ብቅ አለ። ኤልቢዮ ፔርሙሱን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጭብ ነበር።

የኢርማ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያያት ወደ እነሱ ሄደች።

«የእርስዎ ናቸው፣ እናቴ?» አላት ወጣቱ ጠባቂ።

«የእኔ ነው።»

እንደ ልማዱ ጭብጨባው ቆመ። ሰዉ ወደ ካርታ ጨዋታውና ወደ ምሳው ተመለሰ። ኤልቢዮ ብቻ አላቆመም።

«አሮጊቴ፣ አጨብጭቢ እንጂ! ለምንድን ነው ያቆሙት? ልጁ እኮ ገና አልተገኘም!» ዓይኑ በፍርሃት ፈጦ ግራ ቀኙን ያያል። «እናቱ ምን ትሆናለች?»

ኢርማ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ከዚያ ከጎኑ ቆማ አጨበጨበች። እኔስ ምን ላድርግ፣ አጨበጨብኩ። ሰው እያየን የኤልቢዮ እጅ እስኪዝል ድረስ ሦስታችን ብቻችንን አጨበጨብን።

እሱ ደክሞት አሸዋው ላይ ሲቀመጥ፣ ኢርማ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ስልኬ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ቴልማ። ሚርታ ጋ ደውዪልኝ።»

«አንቺ ራስሽ ብትደውዪላት አይሻልም?»

«ቁጥሩ አይታየኝም።»

ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ስልኩን አውጥቼ ደወልኩ።