የክረምቱ ትምህርትና የወንድሜ ደብዳቤዎች

የሆሳዕና ከተማ ስልከኛ ለትላልቅ ሰዎች የክረምት ትምህርት ከፈተ ሲባል መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ትምህርቱ ከሐምሌ እስከ መስቀል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከስልክ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው ተባለ። «ሽበታም ሁሉ ተሰብስቦ ሀ ሁ ሊል ነው» እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ። በሳምንቱ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ከመጋዘኑ ደጅ ቆሜ ነበር። ስልከኛው አይቶኝ ሳቁን ዋጠ።

የወሰደኝ አንድ ነገር ነው። ለእናቴ በገዛ እጄ ደብዳቤ መጻፍ ፈለግሁ። ከመንዝ የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ለሹመት የተላከውን ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ ሞተ፤ ልጅ አልወለድንም፤ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ እዚሁ ቀረሁ። ጎረቤት አላጣሁም፤ ቆጮ በጋገሩ ቁጥር ለኔም ይልካሉ። ያጣሁት «የእገሊት ልጅ» ብሎ የሚያውቀኝ ሰው ነው። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ድምፄን ሳልሰማው ይመሻል፤ ያኔ እንዝርቱን እቆጣዋለሁ።

ወንድሜ በዓመት አንድ ሁለቴ በነጋዴ እጅ ደብዳቤ ይልክልኛል። እኔ ማንበብ ስለማልችል ገበያው ዳር ተቀምጦ ለሰው ለሚጽፈውና ለሚያነበው ሽማግሌ ደብተራ እወስድለታለሁ። ሽማግሌው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ጨው ሊገዛ የቆመውም ሁሉ አብሮኝ ያዳምጣል። የእናቴን የጉልበት ሕመም ከኔ እኩል ገበያው ሁሉ ያውቀው ነበር። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

ስልከኛው አዲስ አበባ የተማረ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያላበቀለ ሰው ነው። «የኔታ» ስንለው ያፍራል። እኔ ፊደሉን በዜማ በሁለት ሳምንት ዘለቅሁትና ኩራት ጀመረኝ። እሱ ግን የፊደል ገበታውን መሃል ላይ በእንጨት ሲጠቁም፣ በሆዴ ከሀ ጀምሬ እየዘመርኩ እዚያ እስክደርስ ሌላው ቀድሞኝ ይመልሳል። «እትዬ፣ ፊደሉን ይዩት እንጂ አይዝፈኑት» ይለኛል።

ከሁሉ ቀድማ የምትመልሰው አጠገቤ የምትቀመጠው ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ሀዲያ ናት፤ ቅቤዋን ከጃጁራ ገበያ ታመጣለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁላችንንም አንተ ትለናለች። በመጀመሪያው ቀን «አንተ፣ ጠጋ በል» ስትለኝ ደሜ ፈላና «አንቺ በይኝ! ከቻልሽም እርስዎ!» አልኳት። አሰብ አድርጋ «እሺ፣ አንተ እትዬ» አለችኝ። ተውኳት። እኔስ ሃያ ዓመት ሙሉ በአገሯ ኖሬ ከሀድይኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ አይደል?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፊደል መልቀም ቻልኩ። አንድ ቀን ደብተራው ፊት ቆሜ የሚጽፈውን «ይድረስ» አንድ በአንድ ባነብለት ፊቱ ልውጥ አለ። የእንጀራ ገመዴን ልትበጥስብኝ ነው ብሎ የፈራ መሰለኝና ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ስለከፋ ትምህርት አልነበረም። ቤቴ ቁጭ ብዬ የወንድሜን ደብዳቤዎች ከሙዳይ አወጣሁ። ሁለት ዓመት የሆነውን መረጥኩ፤ ደብተራው ያነበበልኝን በቃሌ ስለማውቀው ይቀለኛል ብዬ ነው። «እናታችን ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውም ተሽሏቸዋል» ነበር ያለኝ፤ ወንድሜ በደብዳቤ ሲሆን እናታችንን አንቱ ይላታል። «ደህና» የሚለውን ፈለግሁ። አጣሁት። አሁንም እየዘፈንኩ ነው እንጂ እያነበብኩ አይደለም ብዬ ራሴን ተቆጣሁና ከላይ ጀመርኩ።

እ፣ ና፣ ታ፣ ች፣ ን። ይሄ አለ። ቀጥሎ ዐ፣ ረ፣ ፉ።

ዐረፉ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። እህል መፍጨቱን ለወንድሜ ሚስት ትታ እፎይ አለች ማለት ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ አንድ ፊደል የሚለቅም ሰው ትርጉሙ ወደ ኋላ ይቀርበታል። ጣቴን አስከትዬ ቀጠልኩ። የ፣ አ፣ ር፣ ባ፣ ቸ፣ ው፣ ን። ከዚያ ተ፣ ዝ፣ ካ፣ ር።

ተዝካር ለማን እንደሚወጣ የማያውቅ የለም።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጮክ ብዬ ላልቅስ ብል ድምፄ እንግዳ ሆነብኝና ተውኩት። ለካ ልቅሶ ለብቻ አይለቀስም። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተች ሴት ሰላምታ ሳስጽፍ ነበር። እኔ «እናቴ ሆይ፣ እንደምን ነሽ» ስል ያ ደብተራ ምን ይጽፍ እንደነበር እግዜር ይወቅ። በማግሥቱ ገበያ መሃል ላዋርደው ቆረጥኩ።

ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ደብተራው፣ ስልከኛው፣ ቅቤ ነጋዴዋና ሌሎቹ የትምህርት ጓደኞቼ ጭቃው ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። መርዶ ሊነግሩኝ እንደመጡ ገባኝ።

በኛ ዘንድ ሞት ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፤ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። ደብተራው እጄን ያዘ። «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሰው አልነበረሽም» አለ። «ብቻዬን ብነግርሽ ማን ይይዝሻል ብዬ ነው። ፊደሉን ስትለቅሚ ሳይሽ ደግሞ ቤትሽ ተቀምጠሽ ለብቻሽ እንዳታነቢው ፈራሁ። ትናንት እየዞርኩ እነዚህን ለመንኩ።» ከዚህ በኋላ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ቅቤ ነጋዴዋ ትከሻዬን አቀፈች። «አንተ እትዬ፣ እናትህ ሞተ» አለችኝ።

ትናንት አንብቤዋለሁ ማለት አልቻልኩም። ያን ሁሉ ጭቃ በጨለማ አቋርጠው፣ ዘመዴ ሆነው መጥተው፣ አንድ ቀን ዘገያችሁ ልበላቸው? አሁን እንደሰማ ሰው ጮህኩ። ማስመሰሉ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የያዙኝ እጆች ባይኖሩ መሬት እወድቅ ነበር።

ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔም ወደ እንዝርቴ ተመለስኩ።

ለመስቀል ትምህርቱ ሲያበቃ እያንዳንዳችን ከሰው ፊት ቆመን እንድናነብ ተጠራን። ተራዬ ሲደርስ የተሰጠኝን ወረቀት አየሁት፤ አንዱም ቃል አላቃተኝም። ግን ደብተራው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ማንበቤን ካወቀ ከመቼ ጀምሮ ብሎ ያሰላል፤ ያን የዝናብ ቀን መርዶዬን ብቻዬን ማንበቤን ያውቃል። እሱ ሁለት ዓመት የፈራው ይህንኑ ነው። «አልያዘልኝም» አልኩና ተቀመጥኩ። ስልከኛው አጠገቤ መጥቶ «ሐዘኑ አዘናግቶዎት ነው፣ እትዬ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ግን የሰጠው ትምህርት መና የቀረበት ሰው ቅሬታ ነበር። ያ አሳዘነኝ። ቅቤ ነጋዴዋ አንድም ሳትሳሳት አነበበች፤ ከሁሉ ከፍ አድርጌ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

በኅዳር የወንድሜ ደብዳቤ መጣ። ቤቴ በሬን ዘግቼ አነበብኩት፤ አጥፌ እንደ ነበረ አደረግሁትና ለደብተራው ወሰድኩለት። ከኋላው ቆሜ በትከሻው ላይ እያየሁ አዳመጥኩ። አሁን አንድም አልደበቀም፤ የበሬውን መሞት፣ የወንድሜን ሕመም፣ ሁሉንም እንዳለ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ ሆይ፣ ብቻሽን እንዳይመስልሽ፤ ሰው አለሽ ይልሻል» አለ።

ጣቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ባዶ ወረቀት ነው።

«እስቲ ያቺን ደግመው ያንብቡልኝ፣ አለቃ» አልኩት።