ጠርሙስ ውስጥ የከረሙት ሳንቲሞች

ዛሬ ጠዋት የነሐስ ሙቀጫዬን በሎሚና በጨው ስፈትግ፣ አረንጓዴ ውሃ በጣቶቼ መሃል ወረደና ያ የርጥብ መዳብ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ፣ እጄን እንኳ ሳልለቃለቅ ቁጭ አልኩ። ያ ሽታ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የነበረው የመጀመሪያው ቤታችን ነው። በይ ቤዛዬ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ጻፊ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያንቺን ልጅነት ግን ካንቺ ይልቅ የማስታውሰው እኔ ነኝ።

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገና ጡት ሳትጥዪ ነው ያረፈችው። አባትሽም ካገር ሲወጣ መዳህ እንኳ አልጀመርሽም ነበር፤ ስለዚህ ስፖንሰር አድርጎን ቶሮንቶ ስንገባ ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ እሱን የምታውቂው በፎቶ ብቻ ነበር። ያን የበረዶ ጊዜ አባትሽ፣ ልጄ፣ ከተማው ዳር ኢቶቢኮ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ በመጫን ይሠራ ነበር፣ በባስ ተንከራቶ ይመጣና በሩ ላይ ተንበርክኮ እጁን ሲዘረጋልሽ፣ አንቺ ቀሚሴ ውስጥ ገብተሽ «እማማ፣ ሰውዬው መጣ» ትዪኝ ነበር። ሰውዬው! «አባዬ በይ እንጂ» ስልሽ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። እሱ ይስቃል፣ ይስቅና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ይቆያል። ልጄን አውቀዋለሁ፣ ፊት ለመታጠብ ያን ያህል አይቆይም።

ብቻውን በኖረባቸው ዓመታት የያዘው አንድ አመል ነበረው፣ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። አንድ ቅዳሜ ሰብሳቢዎቹ ከሚገናኙበት ገበያ ውሎ ሲመለስ ከኪሱ ጭብጦ የመሰለ ነገር አወጣ። ለካ የመዳብ ሳንቲሞች ናቸው፣ ስንት ዘመን መሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ዝገቱ እርስ በርስ አጣብቋቸው አንድ ላይ የደረቁ።

«እዚያው ቁም!» አልኩት። የተቀበረ ገንዘብ ጠባቂ አለው፣ ዝም ተብሎ ቤት አይገባም፣ እኛ እንዲህ ነው የምናውቀው።

«እማዬ፣ ቶሮንቶ እኮ ነው ያለነው!»

«ጠባቂው ቶሮንቶ መሆኑን በምን ያውቃል?»

ጠበሌን አምጥቼ፣ ያን የሚያህል ሰው በስኖው ቡትሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ እሱንም ሳንቲሙንም ረጨኋቸው፣ ውሃው ከጢሙ ሲንጠባጠብ አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ክትክት ብለሽ ሳቅሽ። እሱ ባለበት ስትስቂ የመጀመሪያሽ ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ዝገቱ እንዲለቅ ብሎ ሳንቲሞቹን በማርማላታ ጠርሙስ፣ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፎ መስኮቱ ላይ አስቀመጣቸው፤ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ይደፋል፣ ሌላ ይጨምራል፣ እኔም እያየኝ ጠበል ጠብ አደርግበት ነበር። «እማዬ፣ ንጹህ ውሃ ነው የሚፈልገው!» ይላል። «ከጠበል የበለጠ ምን ንጹህ ውሃ አለ?» እለዋለሁ። አንቺ ደግሞ እሱ እስኪወጣ ጠብቀሽ፣ ወንበር ላይ ወጥተሽ ጠርሙሱን ታሸቺዋለሽ፣ ትነቀንቂዋለሽ፣ «እማማ፣ ውስጥ ማን አለ?» ትዪኛለሽ። እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የማን ከረጢት ነበር? ገበያ ሲሄድ ወደቀበት፣ ወይስ ጦር መጣ ሲባል ቀብሮት ሳይመለስ ቀረ?

ሙቀቱ ሲመጣ አባትሽ ባልኮኒው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አፈሩን በስቴኪኒ ይለቅም ጀመር። አንቺም መጀመሪያ ከበሩ፣ ቀጥሎ ከወንበሩ ጀርባ ሆነሽ ታዪው ነበር፣ በኋላ ብቅ ስል ከጎኑ ተቀምጠሽ፣ የራስሽን ስቴኪኒ ይዘሽ አገኘሁሽ።

«ይሄ ማነው?»

«ንጉሥ ነው፣ የሮማ።»

«ሮማ ነው የተሠራው?»

«አይ፣ ሮማ የገዛቻቸው ከተሞች ናቸው የሠሩት። በፊቱ ንጉሡን ያደርጉና በጀርባው የራሳቸውን፣ ወንዛቸውን፣ ቤተ መቅደሳቸውን።»

«ለምን?»

«እኛም አለን ለማለት ይሆናላ።»

ጥያቄ ትደረድሪበት ነበር፣ እሱም ደስ ብሎት ይመልስልሻል፣ ግን ከ«አንተ» ሌላ መጠሪያ አልነበረሽም። አንድ ቀን ሰሃን እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «እማዬ፣ ይህቺ ልጅ ሳትጠራኝ ልታድግ ነው እንዴ?» አለኝ። «ተዋት፣ አታስጨንቃት» አልኩት፣ እኔው ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ቅጠሉ ሲቀላ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ እሱ ቆሻሻ ሊጥል ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ አንቺ ጠረጴዛው ላይ ብቻሽን ስትለቅሚ፣ ከላይ በፊቱ ተደፍቶ የነበረው ሳንቲም ቀስ ብሎ ተላቀቀ። ከሥሩ ባለው ዝገት ላይ የንጉሡ ፊት ታትሞ ቀርቷል፣ አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ሁሉም፣ ብቻ እንደ መስታወት ወዲያ ዞሯል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ያን ሁሉ ዘመን የሰው ዓይን ያላረፈበትን። ቀና ስል አንቺ የለሽም። በባዶ እግርሽ ኮሪደሩ ላይ ትሮጫለሽ።

«አባዬ! አባዬ! ና እየው! ሁለት ሆነ!»

የቆሻሻውን ፌስታል እንዳንጠለጠለ ሮጦ ገባ። አንቺ ሳንቲሙን ታሳዪዋለሽ፣ እሱ አንቺን ያያል። «አየኸው?» ስትዪው «አየሁት» አለ፣ ወደ ጠረጴዛው ዞሮም አላየ።

አሁን ሬክስዴል ቤት ቀይረን፣ የቀሩት ሳንቲሞች እንደተጣበቁ መደርደሪያው ላይ አሉ፣ ማንም አልነካቸው። ዛሬ «አባዬ፣ ቻርጀሬን አይተሃል?» ትዪዋለሽ፣ እሱም ከቴሌቪዥኑ ሳይዞር «ኩሽና ፈልጊ» ይልሻል። ያኔ ያቺን አንዲት ቃል ስንጠብቅ በረዶው መጥቶ ሄዷል፤ አሁን በቀን ስንቴ እንደምትባል ልብ የሚል የለም፣ እሰይ፣ እንዲህ ነው የሚሻለው።

ያኔ ግን፣ በዚያ እሑድ ማግስት ኤሌቬተር ስጠብቅ፣ ከግድግዳችን ወዲያ ትኖር የነበረችው ጽጌ መጣችና «እትዬ የሺ፣ ትናንት እንግዳ ነበረባችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ማንም አልመጣ።»

«እንዴ! ታዲያ ያቺ ‹አባዬ› እያለች ኮሪደሩን ያናወጠችው የማን ልጅ ናት?»